የሽማግሌ እንቅልፍና የቀን ሥራው

በላስታ ደጋ ዕድሜው የገፋ ሰው ከሌሊቱ በ8 ሰዓት ነቅቶ ሳይተኛ ማንጋቱ በብዙ ቤት የታወቀ ነገር ነው። አንዳንዱ ይህን ጸጋ ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ ደዌ ነው ይላል። በእኛ አስተያየት ግን ሁለቱም ፈጥነው ፈርደዋል።

የሰው ገላ ሲያረጅ እንቅልፉ ይሣሣል፤ ገና በምሽት ይመጣል፥ ገና በሌሊትም ይሄዳል፥ በመካከሉም ይቋረጣል። ሆኖም ገላው እንቅልፍን መሻቱ ብዙ አይጎድልም፤ በ2007 ዓ.ም. በአሜሪካ የእንቅልፍ ሊቃውንት መክረው ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ከ7 እስከ 8 ሰዓት ይገባዋል ብለዋልና። ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት መታነጽ የሚነገረው ትውፊትም ቀን ሰዎች፥ ሌሊት መላእክት ሠሩ ይላል፤ ሌሊቱ ለሰው ዕረፍት እንደ ተተወለት ከዚህ መረዳት ይቻላል።

መንቃት ብቻውን ትጋት አይደለም። በቤተ ማርያም ማኅሌት ቆሞ የሚያነጋው አረጋዊ ደብተራና በመኝታው ሆኖ የድንበር ሙግት የሚያብሰለስለው አረጋዊ ሁለቱም ነቅተዋል፤ ነገር ግን አንድ አይደሉም። እንዲሁም እንቅልፍ ሁሉ ስንፍና አይደለም፤ ቅዱስ ሉቃስ በደብረ ዘይት የደቀ መዛሙርት መተኛት ከኀዘን የተነሣ እንደ ነበር ጽፎልናል። መቋሚያውን ተደግፎ የሚያንቀላፋውን አረጋዊ ካህን በክርኑ የሚጎስም ወጣት ዲያቆን ይህን ያስብ።

የሚያሳዝነው ግን ሌላ ነው። ልጆች አባታቸውን ሲያከብሩ «አባታችን፥ እርስዎ ይረፉ» ብለው በጎቹንም፥ የገብሱን ጥበቃም ይወስዱበታል። ፍቅር ነው፤ ማን ይነቅፈዋል? ነገር ግን ሽማግሌው ፀሐይ ሳያይ በጨለማ ጎጆ ከምድጃ አጠገብ ሲያንቀላፋ ይውላል፤ ገላችን ሌሊትን ከቀን የሚለየው በብርሃንና በድካም ስለ ሆነ ማታ እንቅልፍ ይነሣዋል። በማግሥቱ ዝሎ ይነሣል፥ ይቈጣል፥ የተናገረውን ይረሳል፤ ልጆቹም ይህን አይተው የቀረችውን ጥቂት ሥራ ይወስዱበታል። እንዲህ እያለ ሥራውን ያጣ እንቅልፉን፥ እንቅልፉን ያጣም ሥራውን ያጣል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወርድም ብዙ እግር ያለሰለሰው የዓለት ደረጃ፥ ጨለማውም የዋሻ መንገድ ይጠብቀዋል፤ እንቅልፍ የጎደለው እግር ደግሞ ቶሎ ይስታል።

ስለዚህ ማክበር ማለት ሥራን ሁሉ መንጠቅ አይመስለንም። ከባዱን አንሡለት፤ ጠዋት በጎቹን ወደ ፀሐይ ማውጣቱን፥ ሕፃናትን ፊደል ማስቈጠሩን ተዉለት። ከቀትር በኋላ ጥቂት ቢያርፍ ክፉ አይደለም፤ የሚጎዳው እስከ ሠርክ ሲተኛ ነው። ሕመም፥ በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቋረጥ፥ ወይም ለሽንት ደጋግሞ መነሣት ዕረፍት የሚነሣው ከሆነ ግን ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል፤ ጠበል መጠመቁ ይህን አይከለክልም። ሌሊት የነቃ እንደ ሆነም «ይተኙ እንጂ» እያላችሁ አታስጨንቁት፤ ዳዊቱን ይድገም፥ እናንተም ጋቢ ደርቡለት፤ የደጋው ብርድ ጽኑ ነውና።