የሞት ፍርድና የእናቴ ጥያቄ

ለብዙ ዓመታት የሞት ቅጣት ደጋፊ ነበርኩ። ምክንያቴን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። በ1970 ዓ.ም. ታላቅ ወንድሜ ሌሊት ከቤት ተጠርቶ ወጣ፤ አልተመለሰም። «እርምጃ ተወስዶበታል» ተባልን። እናቴ ጮሃ እንዳታለቅስ ስለተከለከለች ነጠላዋን ነክሳ አለቀሰች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለእኔ ፍትህ ማለት የገዳዮች መሞት ነበር።

በግንቦት 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዕድሜ ልክ እስራቱን ሽሮ በኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም በሌሉበት፣ በከፍተኛ ባለሥልጣኖቻቸው ላይም እንዲሁ ሞት ሲፈርድ፣ ደስታዬን ለእናቴ ላካፍል ሄድኩ። ዝም ብላ ሰማችኝና «ልጄን የት እንደቀበሩት ተናገሩ?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ጥርጣሬዬ የጀመረው ያን ዕለት ነው። ሙት አይናገርማ!

ይህ ነገር ወደ ኋላ መለሰኝ። ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። ከመካከላቸው አክሊሉ ሀብተወልድና እንዳልካቸው መኮንን ይገኙበታል። የቀድሞዎቹን ባለሥልጣናት ጉዳይ፣ የወሎን ረሃብ ጨምሮ፣ የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። ጥፋተኛም ይሁኑ ንጹሕ፣ በችሎት ፊት ሊመልሱት ይገባ የነበረው ጥያቄ ሁሉ አብሯቸው ተቀበረ። የአንድ ሌሊት ጥይት ለአገሪቱ መልስ አልሰጣትም፤ መግደልን ግን አስለመዳት።

«የሟቹስ ደም?» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የራሴም ነበር። ነገር ግን ሕጋችንን እንመልከተው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የሞት ቅጣትን ቢፈቅድም፣ ወንጀሉ ሲፈጸም 18 ዓመት ባልሞላው ሰው ላይ እንዳይፈረድ ይከለክላል፤ ርእሰ ብሔሩ ሳያጸድቁትም አይፈጸምም። በአደባባይ መስቀልም አይቻልም። ሕግ በሌላ ቅጣት ላይ ይህን ያህል አያመነታም። ለምን ይሆን? ስህተት ቢገኝ የታሰረ ይፈታል፤ የተገደለን ግን የሚመልስ ይግባኝ የለም።

በ2003 ዓ.ም. የሃይማኖት አባቶች ተማጽነው የ23 የደርግ ባለሥልጣናት የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ሲቀየር በመጀመሪያ ተቆጣሁ። እናቴ በሕይወት አልነበረችም። ኋላ ግን ጥያቄዋ ትዝ አለኝና ቁጣዬ በረደ። የሚጠየቅ ሰው ካለ፣ ዛሬ ባይሆን ነገ የሚናገር ይኖር ይሆናል።

ጥርጣሬዬ ጨርሶ ለቆኛል አልልም። ወንድሜን የጠራው ሰው ዛሬ ፊቴ ቢቆም እጄ ምን እንደምታደርግ አላውቅም። ለዚህም ይመስለኛል ፍርዱ ለእኔ እጅ ያልተተወው። ታዲያ ሕግ የእኔን ቁጣ ተውሶ ከገደለ፣ ከእኔ በምን ተሻለ?