ዘር ቆጣሪው

በአንድ የጎጃም መንደር ዘር በመቁጠር የታወቁ አዛውንት ነበሩ። በዚያ አገር ወጣቶች ከመጋባታቸው በፊት እስከ ሰባት ቤት ዝምድና እንደሌላቸው ይጣራልና፣ ነገሩ ሲወሳሰብ ሽማግሌዎች እርሳቸው ደጅ ይመጣሉ። አዛውንቱ ፊደል አልቆጠሩም። አንድ ሰው «እገሌ ዘመዴ ነው» ካላቸው ግን በዋዛ አይለቁትም። «በማን በኩል? በእናትህ ነው በአባትህ?» ይሉታል።

የልጅ ልጃቸው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። በብሔራዊ ፈተናው አፕቲቲዩድ በሚባለው ክፍል የቃላት ተዛምዶ ይጠየቃል፤ ሁለት ቃላት ይሰጡና በመካከላቸው ያለውን ዝምድና የያዘ ሌላ ጥንድ ፈልጉ ይባላል። ጓደኛዋ ደግሞ አጎቷ ከአሜሪካ የላከላት፣ ኤስኤቲ ለሚባለው የዚያ አገር የኮሌጅ መግቢያ ፈተና የሚያዘጋጅ አሮጌ መጽሐፍ አላት። እዚያ ይህ ዓይነቱ ጥያቄ በ2005 እ.ኤ.አ. ከፈተናው ወጥቷል፤ መጽሐፉ ግን ከዚያ በፊት የታተመ ስለነበር ጥያቄው ሞልቶበታል። ጓደኛዋ ጥንዶቹን ከነመልሳቸው በደብተር ገልብጣ ቀንና ሌሊት ትሸመድድ ነበር።

አንድ ምሽት ሽማግሌዎች መጡ። «ልጆቹ ሊጋቡ ነው፤ እኛ ግን ፈራን። በአንድ አጥር ነው ያደጉት። እሱ እናቷን አክስቴ ይላል፤ ማኅበሩም ድግሱም አንድ ላይ ነው» አሉ። አዛውንቱ የልጁን አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ ወጡ፤ በእናቱም በኩል እንዲሁ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሩ። የትም አልተገናኙም።

«ይሄ ጉርብትና ነው» አሉ። «ዝምድና አይደለም። ይጋቡ።»

እንግዶቹ ሲሄዱ የልጅ ልጃቸው መጽሐፏን ይዛ ቀረበች። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነበር፤ ለአያቷ በአማርኛ ነገረቻቸው። «ሐኪም ለሆስፒታል እንደሆነ መምህር ለምን ይሆናል ይላል፣ አባባ። ተማሪ፣ ጠመኔ፣ ትምህርት ቤት፣ ዕውቀት። እኔ ተማሪ ብዬ ተሳሳትኩ። ለመምህር ከተማሪ የሚቀርበው ምን አለ?»

«ሐኪሙ ለሆስፒታሉ ምኑ ነው?»

«እዚያ ይገኛል።»

«በሽተኛውም ይገኛል።»

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። «ሐኪም ሙያውን የሚሠራበት ቦታ ሆስፒታል ነው።»

«በይ ይህንኑ ለመምህሩ በይለት።»

መምህር ሙያውን የሚሠራበት ቦታ ተማሪ ነው ብትል አልሄደላትም፤ ጠመኔም ዕውቀትም እንዲሁ። ሁሉም የመምህር ጎረቤቶች ነበሩ። በእንግሊዝኛ ስለሚፈተኑ በእንግሊዝኛ ብቻ ማሰብ ያለባቸው የሚመስላቸው ልጆች ብዙ ናቸው። የቃሉን ፍቺ ካወቁ፣ ዝምድናውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ቢያወጡት የሚቀርባቸው ነገር የለም፤ እንዲያውም ይቀናቸዋል።

ቀጥላ «ገጽ ለመጽሐፍ» የሚለውን አነበበች። ከምርጫዎቹ «ዛፍ ለቅርንጫፍ» እና «ጣት ለእጅ» የሚሉት ሁለቱም ልክ መሰሏት። አዛውንቱ ሳቁ። «አንቺ የልጅ ልጄ ነሽ። እኔስ የልጅ ልጅሽ ነኝ?»

ገጽ የመጽሐፍ ክፍል ነው። ጣትም የእጅ ክፍል ነው። ዛፍ ግን የቅርንጫፍ ክፍል አይደለም፤ ተገልብጧል።

የሞዴል ፈተናው ዕለት ጓደኛዋ የሸመደደችውን ጥንድ ከጥያቄው ወረቀት ላይ አየችው። ደስ ብሏት፣ በደብተሯ ላይ መልሱ የነበረውን ሳታመነታ አጠቆረች። ጥያቄው ላይ ግን የቃላቱ ቅደም ተከተል ተቀይሮ ነበር፤ የተሸመደደው መልስም የተሳሳተው ሆኖ ተገኘ።

እሑድ ደብተሯን ይዛ ወደ አዛውንቱ ግቢ መጣች። ልጅቷ የመልሱን ረድፍ በመዳፏ ሸፈነችባት፤ አዛውንቱ ከመደቡ ላይ ሆነው «ጥማት ለውሃ ምኑ ነው?» አሏት።

«ውሃ ይፈልጋል።»

«አበባም ውሃ ይፈልጋል። ዘመዱ ሊሆን ነው?»

ጓደኛዋ ቆጣ አለች፣ ከዚያ እንደገና ሞከረች። «ውሃ ጥማትን ይቆርጣል።»

ምርጫዎቹ ውስጥ «ረሃብ ለማሳ»፣ «ረሃብ ለድርቅ» እና «ረሃብ ለምግብ» ነበሩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ደብተሯ ውስጥ ከእያንዳንዱ ጥንድ ጎን፣ መልሱ በነበረበት ቦታ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ጀመረች። ሁለት ምርጫ ልክ ሲመስላት ዓረፍተ ነገሩን ሰርዛ ጠበብ አድርጋ ትጽፈዋለች፤ አንዳንዱ ጥንድ ጎን ስርዝ ድልዙ ከጽሑፉ ይበልጣል።