ቁጥር ዳኛ ሲሆን

አንድን የኪነት ሥራ በቁጥር መመዘን ይቻላልን? ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ መምህር የተማሪን ድርሰት ሲያርም፣ ዳኞች የቲያትር ጽሑፎችን ሲያበላልጡ ሁልጊዜ ይነሣል። ዛሬ ጎልቶ የሚታየው ግን በቪዲዮ ጨዋታዎች ዓለም ነው። ሃያስያን ለእያንዳንዱ ጨዋታ ነጥብ ይሰጣሉ፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ሜታክሪቲክ ደግሞ የብዙዎቹን ነጥብ ሰብስቦ ከመቶ አንድ አማካይ ያወጣል። ብዙው ገዥ ሂሱን ሳያነብ በቁጥሩ ብቻ ይወስናል።

ነጥብ ጨርሶ ከንቱ ነው ማለት ስሕተት ነው። የኢትዮጵያ ቡና በቅምሻ ከመቶ ሲመዘን ቁጥሩ የሚታመነው ቀማሾቹ የሠለጠኑ፣ የዱቄቱና የውሃው መጠን የተወሰነ፣ መመዘኛውም አስቀድሞ የታወቀ በመሆኑ ነው። በውድድር ጊዜ የባለቤቱ ስም ለቀማሹ አይነገርም። ቁጥሩ ትርጉም የሚያገኘው ከዚህ ሥርዓት ነው።

የቪዲዮ ጨዋታ ግን በአንድ ጉንጭ አይታወቅም። ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ተጫዋቹም ራሱ የሥራው አካል ነው። ለአንዱ አሰልቺ የሆነው አቀበት ለሌላው የደስታ ምንጭ ይሆናል። አንድ ሃያሲ 10 ሌላው 4 ቢሰጡ አማካዩ 7 ነው፤ ሁለቱም 7 ቢሰጡ ያው 7 ነው። በመጀመሪያው ክርክር አለ፤ በሁለተኛው ስምምነት። አማካዩ ግን ልዩነቱን ይውጠዋል።

ከዚህም በላይ ነጥቡ የተሰጠው ለየትኛው ሥራ እንደሆነ መጠየቅ ያሻል። በዲሴምበር 2020 እ.ኤ.አ. ሳይበርፐንክ 2077 ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ሃያስያን የተሰጣቸው የኮምፒዩተሩ ቅጂ ነበር፤ ከፍተኛ ነጥብም አገኘ። በቀድሞዎቹ የፕሌይስቴሽንና የኤክስቦክስ መሣሪያዎች የገዙት ግን እክል የበዛበት ሥራ ጠበቃቸው። ሶኒም በዚያው ወር ጨዋታውን ከመደብሩ አነሣ። ሃያስያኑ አልዋሹም፤ ቁጥሩ ግን ካላዩት ነገር ላይ ተለጠፈ።

ጉዳዩ የገዥው ብቻ አይደለም፤ የሠሪውንም እንጀራ ይነካል። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስ በሜታክሪቲክ 84 አገኘ። ከሠሪዎቹ አንዱ በ2012 እ.ኤ.አ. እንደገለጸው፣ ተጨማሪው ክፍያ የተመሠረተው በ85 ነጥብ ላይ ስለነበር ድርጅታቸው ሳያገኘው ቀረ። በ84ና በ85 መካከል ያለውን የጥራት ልዩነት ለይቶ የሚያሳይ ሃያሲ ከወዴት ይገኛል? ይሁን እንጂ በዚያች አንዲት ነጥብ ሰዎች የድካማቸውን ዋጋ አጡ።

በአገራችን ገበጣ ዘመናት የተሻገረው ነጥብ ተሰጥቶት አይደለም። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳመለከተው ሕጉ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ስለዚህ «ገበጣ ከመቶ ስንት ነው?» ቢባል «የየትኛው አገር ገበጣ?» ማለት ግድ ይሆናል። የገበጣን ጥራት የመሰከረው የጨረሰ ተጫዋች «ድገመኝ» ማለቱ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ወጣቶች ከአሳዳጅ የምታመልጥ ዶሮን ይዘው እንደ «ኩኩሉ» ያለ የስልክ ጨዋታ ሲሠሩ፣ የሚመዘኑት በመደብሩ አምስት ኮከብ ነው። ኮከቡ ግን ጨዋታው ከየትኛው ሕይወት እንደተቀዳ አይናገርም።

በመንዝ ደጋ የበግ ጠጉር ባና የሚገዛ ሰው በእጁ ይዳስሰዋል፣ ድርና ማጉን ያያል፣ ሸማኔውን ይጠይቃል፣ ይከራከራል። ነቀፋው ምክንያት አለው፤ ሸማኔውም መልስ አለው። የሂስ ክብር በዚህ ነው፤ ፈራጁ ስለ ፍርዱ ይጠየቃል። አማካይ ቁጥር ግን ተጠያቂ የለውም፤ ቢከራከሩትም አይመልስም።

እንግዲህ ነጥብ የጥራት ጥላ እንጂ ጥራቱ ራሱ አይደለም። ጥላ አንድ ነገር መኖሩን ያመለክታል፤ ርዝመቱ ግን እንደ ፀሐዩ አቋም ይለዋወጣል። ነጥብ የሚሰጥ ሁሉ፣ መምህርም ይሁን ሃያሲ፣ ከቁጥሩ ጎን ምክንያቱን ማስፈር ይገባዋል፤ ነጥብ ተቀባዩም ከቁጥሩ በፊት ምክንያቱን ይጠይቅ። ያለምክንያት የተሰጠ ቁጥር፣ ትክክል ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ ፍርድ ሊባል አይችልም።