«ጋሼ፣ ይበላል?»

ከዚህ በታች የምጽፈው ባለፈው ክረምት በገላን ስለ ደረሰብኝ ነገር ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም እስካሁን ሕሊናዬን አላሳረፈውምና እናንተም ብታስቡበት ብዬ አቀረብኩት።

ገላን ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ብትሆንም ከፋብሪካዎቹ አጥር አልፎ ለሚሄድ ሰው አሁንም ግጦሽና ባሕር ዛፍ አይጠፋም። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ሲደጋግም እንጉዳይ በአንድ ሌሊት ብቅ ይላል፤ አንዳንዶቻችን «የጅብ ጥላ» የምንለው ማለት ነው። እኔም በእጅ ስልኬ ፎቶግራፍ ላነሣ እወጣለሁ። መረሬው ጫማ ይነጥቃል፤ የስልኩን መስታወት እስትንፋስ ያደበዝዘዋል፤ በደረቅ ጨርቅ ቢጠርጉት ወዲያው ጠብታ ያርፍበታል። ነገር ግን ደመና የሸፈነው ብርሃን ለስላሳ ስለሆነ የእንጉዳዩ መልክ ከፀሐይ ቀን ይልቅ አምሮ ይወጣል። ጭቃው ላይ መተኛት ግን ግድ ነው። እናቴ ልብሴን ስታይ የምትለውን እዚህ አልጽፈውም።

መጀመሪያ ያስጨነቀኝ ጥያቄ ሌላ ነበር። እንጉዳይን ለመለየት ቆቡን ከላይ ማንሣት ብቻ አይበቃም፤ ከቆቡ ሥር ያለውንና የእግሩን ግርጌ ማየት ያስፈልጋል። አንዳንድ መርዛም ዓይነቶች ከሚታወቁባቸው ምልክቶች አንዱ አፈር ውስጥ የተቀበረው ከረጢት መሰል ግርጌያቸው ነውና። ይህን ለማየት ደግሞ መንቀል ያሻል። ታዲያ ለአንድ ፎቶግራፍ ሲባል ሕይወት ያለውን ነገር መንቀል ይገባልን? እያልኩ ብዙ አሰብኩ። በኋላ እንደ ተረዳሁት የምናየው እንጉዳይ እንደ ዛፍ ፍሬ ነው፤ ዋናው አካል መሬት ውስጥ የተዘረጋው ድር መሰል ክር ነው። በስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ለ29 ዓመት የተደረገ ጥናት እንዳሳየው እንጉዳይ መልቀም በኋላ የሚበቅለውን አልቀነሰም፤ የቀነሰው የሰው እግር ነው። እጄን ስጠረጥር ጥፋተኛው እግሬ ኖሯል!

ለእንጉዳይ ይህን ያህል የተጨነቅሁት ሰው ግን ለልጅ አልተጨነቅሁም።

በነሐሴ አንድ ቀን ጭቃው ላይ ተኝቼ ሳነሣ፣ አሥር ዓመት የማይሞላው ከብት ጠባቂ ልጅ ጆንያ እንደ ቆብ ደፍቶ መጣና «ጋሼ፣ ይበላል?» አለኝ። ስልኬ ላይ ፎቶግራፍ አይቶ ስም የሚሰጥ ፕሮግራም አለ፤ እርሱ ያወጣው ስም የሚበላ ዓይነት ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መሆኔን ልጁ ያውቃልና «አዎን፣ ይበላል» አልኩት። አራቱን ነቅሎ ይዞ ሄደ።

ማታ ፎቶግራፎቹን ስመለከት ግርጌውን አንድ ጊዜ እንኳ አለማንሣቴን አየሁ። የአንዳንድ ገዳይ እንጉዳዮች መርዝ በመቀቀል አይጠፋም፤ ሕመሙም ከ6 ሰዓት በኋላ ወይም ከዚያም ዘግይቶ ስለሚጀምር ሰው በልቶ በሰላም ይተኛል፤ ጉበቱ ግን እየተጎዳ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሲነጋ በዝናብ እየጠየቅሁ ቤታቸው ደረስኩ። አያቱ በር ላይ ነበሩ።

«እማማ፣ ልጁ ያመጣው እንጉዳይስ?»

«የማላውቀውን አላበስልም ልጄ፤ ከአመዱ ጋር ደፋሁት» አሉኝ። ከዚያም ግባና እሳት ሙቅ አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው፣ ዋሽቻለሁን? እያልኩ ነው። ጓደኞቼ «ውሸት ማለት ሐሰት መሆኑን እያወቁ መናገር ነው፤ አንተ ያመንከውን ተናገርክ» ይሉኛል። በዚህ አልጽናናም። ስለ እንጉዳዩ የተናገርኩት እውነት ሊሆን ይችላል። ሐሰቱ ስለ ራሴ በተናገርኩት ላይ ነው፤ «አዎን» ስል «አውቃለሁ» ማለቴ ነበርና። ልጁ የጠየቀው እኔን እንጂ ፕሮግራሙን አልነበረም። አያቱ ስለ ደፉት ነገሩ ቀለለ የሚለውንም አልቀበልም፤ የእርሳቸው ጥንቃቄ ልጁን አዳነው እንጂ የእኔን ቃል አላረመውም።

እርግጥ ነው፣ እርግጠኛ ካልሆኑ ዝም ይባል ከተባለ ሐኪምም፣ መንገድ የሚያመለክት ሰውም አፉን ሊከፍት አይችልም። ልዩነቱ፣ ቢሳሳቱ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? የሚለው ይመስለኛል። እኔ ብሳሳት የሚበላው ልጁ ነበር።

በመስከረም መግቢያ እንደገና አገኘሁት። ሌላ እንጉዳይ ይዞ «ይኼስ?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩት። ትንሽ ቆሞ አየኝና «ታዲያ ዩኒቨርሲቲ ምን ያስተምሩሃል?» ብሎ ከብቶቹን ተከትሎ ሄደ።