የዋህነት ሞኝነት አይደለም

በመጻሕፍት ዘንድ ክብር የነበራቸው አንዳንድ ቃላት በገበያ ንግግር ተዋርደው ይገኛሉ። ከእነዚህም አንዱ «የዋህ» የሚለው ቃል ነው። ሰው ተታሎ ገንዘቡን ባጣ ጊዜ «ምን ያድርግ፥ የዋህ ነው» ይባልለታል፤ አባትም ልጁን ለንግድ ሲያሰማራ «የዋህ አትኹን» ብሎ ይመክረዋል። እንዲህ ስንናገር የዋህነትንና ሞኝነትን አንድ አድርገን መቍጠራችን ነው።

በግእዝ ግን «የውሃት» የቅዱሳን ጌጥ ነው። ኦሪት ሙሴን፥ መዝሙርም ዳዊትን በዚሁ ቃል ያመሰግናሉ (ዘኍ. 12፥3፤ መዝ. 131፥1)። ሙሴ በፈርዖን ፊት በድፍረት የተናገረ፥ ዳዊትም ጎልያድን የጣለ ነው፤ ስለዚህ የዋህ ማለት ፈሪ ወይም አላዋቂ ማለት አይደለም። ጌታችንም ደቀ መዛሙርቱን በተኵላዎች መካከል ሲልካቸው የእባብን ብልኅነትና የርግብን የዋህነት አንድ ላይ እንዲይዙ አዘዛቸው (ማቴ. 10፥16)። በዚህ ስፍራ የሚገኘው የጽርዕ ቃል ባዕድ ነገር ያልተቀላቀለበት ማለት ነው።

አባታችን አዳም በገነት ሳለ ዕራቁቱን ነበረ፥ ግን አላፈረም (ዘፍ. 2፥25)። ሕጉን ካፈረሰ በኋላ ዐይኑ ተከፈተ፤ ዕርቃኑንም ዐውቆ በበለስ ቅጠል ተሸፈነ፥ በዛፎችም መካከል ተሸሸገ። ክፉን ባለማወቅ የነበረው የዋህነት ከዚያ ወዲህ ለሰው ልጅ ቀረ። እኛም ተንኰልን በየቀኑ እያየን «አናውቀውም» ለማለት አንችልም። ነገር ግን ክፉን እያወቁ ከልብ ጋራ ያለመቀላቀል የዋህነት ገና አልቀረም። ቅዱስ ጳውሎስም የቆሮንቶስን ምእመናን በክፋት ሕፃናት፥ በአእምሮ ግን የበሰሉ እንዲኾኑ የመከራቸው ስለዚህ ነው (1ቆሮ. 14፥20)።

የዋህ ነጋዴ ሚዛን እንዴት እንደሚሰረቅ ያውቃል፥ ግን አይሰርቅም። የዋህ ምስክር ሐሰት ምን ያህል እንደሚያተርፍ ያውቃል፥ ግን እውነቱን ይናገራል። እንዲህ ያለውን ሰው ሞኝ ብለን ስንሥቅበት፥ ልጆቻችን ተንኰለኛውን ብልኅ ብለው ማክበርን ከእኛ ይማራሉ።

እንግዲህ ልጆቻችንን «አትታለሉ» ብለን እንምከራቸው፤ «የዋህ አትኹኑ» ግን አንበላቸው። አለመታለል ብልኅነት ነው፤ አለማታለል የዋህነት ነው። ኹለቱን አስተባብረን እንድንይዝ የእግዚአብሔር ቸርነት ይርዳን፤ አሜን።