ስም የማን ነው?

የንግድ ምልክት፣ ማለትም የአንዱን ምርት ከሌላው ለይቶ የሚያሳውቅ ስም ወይም ሥዕል፣ በባዕድ ገበያ ዝና ሲያገኝ፣ የታወቀው ስሙ ብቻ ነው ወይስ ስሙን ያስገኙት ሰዎችም ጭምር የሚል ጥያቄ ያስነሣል። ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር በቡና አምራቹ አርሶ አደር ልፋት የከበሩ የኢትዮጵያ ቦታዎች መጠሪያዎች ሆነው ሳሉ፣ በውጭ ሀገር ያለው ቡና ጠጪ ከስማቸው አልፎ ስለ አምራቾቹ የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ ስለዚህም፣ ዝና እንደ ማንኛውም የሥራ ፍሬ ከደከመለት ሰው ሊነጠል ይችላል፤ ይህ ደግሞ ሳይሸፋፈን ሊነገር የሚገባው ግፍ ነው። ኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም. ሦስቱን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ያመለከተችው ይህን ለማረም ሲሆን፣ በ1999 ዓ.ም. ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር የተደረሰው ስምምነት ኩባንያው ኢትዮጵያ የስሞቹ ባለቤት መሆኗን እንዲቀበል አድርጓል።