ሰደቃና ፎቶው

በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌ ምድር ተደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ በአፋርም በኦሮሚያም በኩል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ቀያቸውን ለቀቁ። ያን ሰሞን አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ አንድ መኪና አስመጪ ድርጅት ዱቄት ሲያድል አየሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ዱቄቱ ለተቸገረ ደርሷል። ነገር ግን አንዲት እናት ከረጢቱን እንደያዘች ዓርማ በተለጠፈበት ፒክአፕ ፊት እንድትቆም ተደረገች። ፎቶው አላማረም ተብሎ ደግማ ቆመች። በሻሿ ፊቷን ሸፈን ስታደርግ «ግለጪው» አሏት።

በይፋ መስጠት ሁሉ ጥፋት ነው አልልም። አል-በቀራ አንቀጽ 271 በግልጽ መስጠትንም ያወድሳል፤ ለድሆች በስውር ሲሆን ግን ይበልጣል። የሀዩንዳይ ወኪል የሆነውን ማራቶን ሞተርን ያቋቋመው አትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1994 ዓ.ም. ያስጀመረው ታላቁ ሩጫ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ የሚያሰባስበው በአደባባይ ነው፤ ሌላውንም ያነሳሳል። ሯጩ ግን ካሜራ ፊት የሚያልፈው ወዶ ነው። ያቺ እናት «እምቢ» ብትል ከረጢቱ ይሰጣት ነበር?

ያው ሱራ በአንቀጽ 264 ሰደቃን በመመጻደቅና በማስከፋት እንዳናበላሽ ያስጠነቅቃል። አስመጪው «ምን አስከፋኋት?» ይል ይሆናል። ማስታወቂያ ለምትሠራ ተዋናይ እኮ ይከፍላታል፤ ፈቃዷንም ይጠይቃታል። ፎቶ የግድ ካስፈለገው የከረጢቶቹን ያንሳ።